ጨለም ያለ ልቦለድ ማንበቤ ነው ያሳመመኝ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሰላም ነዎት? የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ የአምስት ወር ሴት ልጅ አለችኝ። ጨለም ያለ ልቦለድ ነፍሴ ነው፤ ግድያ፣ እብደት፣ ጭካኔ ያለበት፣ «ለአዋቂዎች ብቻ» የሚባለው ዓይነት። ሌሊት ልጄን ሳጠባ በስልኬ አነባለሁ፣ ዓይኔ ሲደክም ትረካ እከፍታለሁ። ከወር በፊት ሕፃን የሚጎዳበት ታሪክ አነበብኩ፤ ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ልጄን ሳጥባት «ውሃው ውስጥ ብለቃትስ?» የሚል ሐሳብ ድንገት ይመጣብኛል። ቢላ ሳይ ልቤ ይመታል። አሁን ገላዋን የምታጥባት እህቴ ናት። ሌሊት እቃዣለሁ፤ አንድ ቀን ደግሞ ዱካክ ይዞኝ መጮህ አቃተኝ። ባለቤቴ «ያ የምታነቢው ነው ያበላሸሽ» ብሎ ተቆጣኝ፣ እናቴ ጸበል ካልሄድሽ ትላለች። እውነት መጽሐፉ ነው? እንዲህ ያለ ነገር መውደዴስ ራሱ ጤና ነው? (ስሜ ይቆየኝ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጽሐፉን ቆይተን እንመጣበታለን። ያስጨነቀሽ የልጅሽ ነገር ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ይህ ሐሳብ በአራሶች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው። አዲስ እናቶችን ያነጋገሩ ጥናቶች «ልጄ በድንገት ብትጎዳስ» የሚለው ሐሳብ አብዛኞቹ ላይ እንደሚመጣ፣ «እኔ ራሴ ብጎዳትስ» የሚለው እንኳ ግማሽ ያህሉ ላይ እንደሚመጣ አሳይተዋል። አባቶችም አይቀርላቸውም። ማንም አያወራውም እንጂ። እንዴት ተብሎ ይወራል? ልጄን ልልቀቃት የሚል ነገር መጣብኝ ብላ ለአማቷ የምትናገር አራስ አላውቅም።

ሐሳቡ መምጣቱ ትፈጽሚዋለሽ ማለት አይደለም። እንደጻፍሽልኝ ከሆነ ሐሳቡ ሲመጣ ትደነግጫለሽ፣ ትጠዪዋለሽ፣ ከልጅሽ ልታርቂው ትሞክሪያለሽ። ይሄ ሁሉ ከፍላጎትሽ ጋር እንደሚጋጭ ነው የሚያሳየው። ችግሩ ያለው ሽሽቱ ላይ ነው። ቢላ በደበቅሽ፣ ገላዋን ለእህትሽ በሰጠሽ ቁጥር አእምሮሽ «እውነትም አደጋ አለ ማለት ነው» ብሎ ይመዘግበዋል፣ ሐሳቡም እየበረታ ይመጣል። በግድ ማባረርም አይሠራም። ዳንኤል ዌግነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራ ሰዎችን ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ቢያዛቸው ድቡ እየተመላለሰ አስቸገራቸው። ስለዚህ ሲመጣ «ሐሳብ ነው» በይው፣ አትከራከሪው፣ እጅሽም ሥራውን ይቀጥል። ገላዋን ራስሽ እጠቢያት፤ መጀመሪያ ሰሞን እህትሽ አጠገብሽ ብትቆም ምንም አይደለም።

አሁን ደግሞ ቆም ብለሽ አንብቢኝ። ሐሳቡ ማስፈራቱን ትቶ ትክክል መስሎ ከታየሽ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከሰማሽ፣ ልጅቷ ክፉ መንፈስ አለባት የሚል እምነት ካደረብሽ፣ ቀናት ሳትተኚ ድካም ካልተሰማሽ፣ ወይም ራስሽን ማጥፋት ካማረሽ፣ ነገ አትበይ። በዚያው ቀን ሰው ይዘሽ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ ልጅቷን ደግሞ ለብቻሽ አትያዣት። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም አሉ። ይህ ዓይነቱ ከባድ ሕመም ከ1,000 ወላዶች አንድ ወይም ሁለቱን የሚይዝ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። አንቺ የጻፍሽው ይህን አይመስልም። ቢሆንም ምልክቶቹን ባለቤትሽም ይወቃቸው።

ወደ መጽሐፉ እንምጣ። እኔ ሐሳቡን ፈጠረው አልልም፤ መልክ ሰጠው ብል ይሻለኛል። አምስት ወር ሙሉ እንቅልፉ የተቆራረጠበት፣ ልጁን ላለማጣት ሌት ተቀን የሚጠብቅ አእምሮ አደጋን በየቦታው ያነፈንፋል፤ ያንን ታሪክ ባታነቢ ኖሮ የጎረቤት ወሬ ወይም ዜና ይበቃው ነበር። ከመውለድሽ በፊት ስታነቢ ስንት ጭካኔ አልፈሻል፣ አንዱም እንዲህ አልያዘሽም። የተለወጠው አንቺ ያለሽበት ሁኔታ ነው።

ቅዠቱም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ቅዠት የሚበዛው ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ነው፤ ያ ክፍል ደግሞ ወደ ንጋት ይረዝማል። ልጅቷ አልቅሳ መሃል ላይ ስትቀሰቅስሽ ሕልሙን ትኩስ እንዳለ ይዘሽው ትነሻለሽ። ዱካክም የዚሁ ዘመድ ነው። ሕልም ስናይ እንዳንራገጥ ጡንቻዎቻችን ይታሰራሉ፤ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ ሰውነት ለጥቂት ጊዜ እንደታሰረ ይቀራል። በጀርባ መተኛትና እንቅልፍ ማጣት ያባብሱታል እንጂ አይገድልም፣ በራሱ ይለቃል። ጸበሉን ከወደድሽ ሂጂ፣ እኔ አልከለክልሽም። እያጠባሽ ግን ጾም እንዳታበዢ፣ የጀመርሽው መድኃኒት ካለም እንዳታቋርጪ።

ያልጻፍሽልኝ አንድ ነገር አለ፤ የምትወስጂው መድኃኒት። ለኤች አይ ቪ የሚሰጠው ኤፋቪረንዝ፣ ለወባ መከላከያ የሚሰጠው ሜፍሎኪን፣ ለደም ግፊት ወይም ለልብ ምት የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎልና አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ቅዠት ያመጣሉ። ከእነዚህ የምትወስጂው ካለ ሐኪምሽን ጠይቂ፣ ራስሽ እንዳታቆሚ። ጫት የምትቅሚ ከሆነ ደግሞ እንቅልፍሽን ይነሳሻል፣ በወተትሽም ወደ ልጅሽ ያልፋል።

እንዲህ ያለ ልቦለድ መውደድ ጤና ነው ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ጤና ነው። እኛ እኮ ጭራቅ ሰው ሲበላ እየሰማን ያደግን ሕዝብ ነን! ሰው ፍርሃትን ደህና ቦታ ቁጭ ብሎ መቅመስ ይወዳል፤ ልብ ይመታል፣ አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ገጹ ሲዘጋ ያበቃል። በኮቪድ ጊዜ የተሠራና በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዲያውም አስፈሪ ፊልም የሚወዱ ሰዎች ከሌሎቹ ያነሰ የሥነ ልቦና ጭንቀት እንዳሳዩ አግኝቷል። አንድ ጥናት ስለሆነ ብዙ አልመካበትም፤ የጭካኔ ታሪክ አንባቢ ጨካኝ ነው የሚለውን ወሬ ግን በሥራዬ ካየሁት ጋር ማስታረቅ አልችልም።

አንድ ነገር ብቻ ለይቼ ላስቀምጥ። ታሪኩ በሕይወትሽ በእውነት የደረሰብሽን ነገር ከነካ፣ ለምሳሌ መደፈር፣ ጦርነት፣ ልጅ ማጣት፣ ያኔ ጉዳዩ የልቦለድ አይደለም። ቁስሉ አስቀድሞ ነበረ፤ ታሪኩ ነካካው እንጂ። እንዲህ ከሆነ ብቻሽን አትጋፈጪው፣ ባለሙያ አነጋግሪ።

ታዲያ ማንበብ አቁሚ ልበልሽ? አልልም። ሰዓቱን ቀይሪ። በቀን፣ ልጅቷ ስትተኛ ወይም ሰው ሲይዝልሽ አንብቢ። ሌሊቱን ስታጠቢ ቀለል ያለ ነገር ይሁን። ትረካውን በተለይ ከመኝታ አውጪው፤ መጽሐፍ ላይ ገጽ ትዘያለሽ፣ ትዘጊዋለሽ፣ ትረካ ግን ከነሙዚቃው ከነጩኸቱ በራሱ ፍጥነት ይነዳሻል፣ እያንቀላፋሽም አይለቅሽም። ሕፃን የሚጎዳበትን ታሪክ ደግሞ ለአንድ ዓመት ያህል ብትዘይው ምን ይጎድልብሻል? እንዲህ ያለ ነገር ይኑርበት አይኑርበት አስቀድሞ ያነበበውን ጓደኛ ጠይቂ። አንዳንድ አንባቢ ገጽ መዝለልን እንደ ሽንፈት ያየዋል፣ እኔ አልገባኝም።

ቅዠቱ ከተመላለሰ በቀን ወረቀት ላይ ጻፊው፣ ከዚያ መጨረሻውን እንደፈለግሽ ቀይሪና አዲሱን ታሪክ በየቀኑ ከአሥር እስከ ሃያ ደቂቃ በሐሳብሽ ተመላለሺበት። እንደ ቀልድ አትዪው፣ በሕክምና የታወቀ ዘዴ ነው፤ ያንቺ ዓይነት አንባቢ ደግሞ ይችልበታል።

ሐሳቡ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ከወሰደብሽ፣ ገላዋን ማጠብ ጨርሶ ካቃተሽ፣ ወይም ሁለት ሳምንት ሙሉ ካለቀስሽና ምንም ካላስደሰተሽ ሕክምና አለው። የንግግር ሕክምናው ይረዳል፤ መድኃኒት ካስፈለገም እንደ ሰርትራሊን ያለ ከማጥባት ጋር የሚሄድ አለ። ስድስት ወር ሲሞላት ለቫይታሚን ኤ ጤና ጣቢያ መሄድሽ ስለማይቀር ያን ቀን ስለ ራስሽም ንገሪያቸው፤ ከከበደሽ ግን እስከዚያ አትጠብቂ።

ይህን ለባለቤትሽ አንብቢለት፦ ወንድሜ፣ መጽሐፏን ከመቆጣት ሌሊት አንዱን ተራ አንተ ውሰድ። ወተቷን አልባ ንጹህ ዕቃ ውስጥ ታስቀምጥልህ፤ ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ቢበዛ ለአራት ሰዓታት፣ ፍሪጅ ውስጥ ቢበዛ ለአራት ቀን ይቆያል። እሷ አራት አምስት ሰዓት ሳትነሳ ትተኛ። ሁለት ሳምንት እንዲህ አድርጉና ቅዠቱ ምን እንደሆነ ጻፉልኝ።