ምን ላንብብ? ጥያቄ ከእናንተ፣ መልስ ከአንዲት እናት

የዚህ ሰሞን ጥያቄዎች ሁሉ ስለ መጽሐፍ ናቸው። አብዛኞቹ የእናቶች ናቸው፣ አንድ አባትም አለበት። ሃያሲ አይደለሁም። ልጆች ካስተኛሁ በኋላ ሶፋ ላይ ተጋድሜ የማነብ ሴት ነኝ፤ የምጠቁመውም አንብቤ የወደድኩትን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የልጅ አስተዳደግ መጽሐፍ መዓት ነው። አንድ ብቻ ብትመርጪልኝ?

መልስ፦ አንድ ብቻ ካልሽ፣ አዴል ፌበርና ኢሌን ማዝሊሽ በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ያዢ። ልጆች እንዲሰሙን እንዴት እንደምንናገር፣ እንዲያወሩን ደግሞ እንዴት እንደምንሰማ የሚያሳይ ነው። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ ካርቱንም ስላለው ደክሞሽም ይነበባል። ልጁ ስሜቱን ሲናገር አትከራከሪው፣ መጀመሪያ ስሜቱን ስም ስጪለት ይላል። ትልቁ ልጄ «እህቴን ጠላኋት» ሲል በእኛ ቤት የተለመደው መልስ «ነውር ነው! እህት ትጠላለች እንዴ?» ነው። አንድ ቀን «በጣም አናዳሃለች ማለት ነው» አልኩት። ዝም አለ፣ ከዚያ የተሰበረ እርሳስ ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። ይቅርታም መተቃቀፍም አልነበረም፣ ግን ነገሩ ምን እንደሆነ አወቅን። የማይጥመኝ ነገር፣ መጽሐፉ ቤት ውስጥ ወላጅና ልጅ ብቻ ያሉ ያስመስለዋል። እዚህ አያት አለች፣ አክስት ትመጣለች። አንቺ «አናዳሃለች?» ስትይ እማማ ከጓዳ «ምን ታሞላቅቂዋለሽ!» ይሉሻል። ስለዚህ ከቡና ጋር እየተረጎምሽ ለእሳቸውም አንብቢላቸው፣ የምሬን ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ልብ ወለድ ስታነብ ታመሻለች። ለልጆቹ የሚጠቅም ነገር ብታነብ አይሻልም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልብ ወለዱስ እንደማይጠቅማቸው በምን አወቅህ? በ1958 ዓ.ም. የወጣውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ውሰድ። የፍቅር ታሪክ ነው እየተባለ ይወራል፤ እኔ ልጆች ከወለድኩ በኋላ ደግሜ ሳነበው ግን ያየሁት ወላጆችን ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ የሚመጣውን ጠያቂ ሁሉ በዘር አያክለንም እያሉ ሲመልሱ የልጅቷ ዕድሜ ይነጉዳል። ፍቅረኛዋን በዛብህን ደግሞ ገና በልጅነቱ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር ተስለው ሰጥተውታል። የሁለቱም ወላጆች ልጃቸውን አይጠሉም፣ እንዲያውም ይሳሱለታል፣ ምን እንደሚፈልግ መጠየቅ ብቻ ነው ያላሰቡት፤ እና ይህን መጽሐፍ «የእኔ ልጅ ዶክተር ነው የሚሆነው» እያሉ ለዘመድ ለሚያውጁ ሁሉ ሐኪም ቢያዝላቸው ደስ ይለኛል። ልማዱን ሁሉ የሚተቸው ጉዱ ካሳ ላይ ስትደርስ ደግሞ ትስቃለህ፣ ከዚያ ታፍራለህ። ለማንኛውም ባለቤትህን ተዋት፣ ታምሽ። እራቱን አንተ አቅርብ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ልጄ እናቴ ጋ ነች። ማንበብ እወዳለሁ፣ ግን ቁጭ የምልበት ጊዜ የለኝም። በቴሌግራም የሚዞረውን ፒዲኤፍስ ላውርድ?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ስሚ እንጂ። እዚያው «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ልመልስሽ፦ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ዛሬ ዩቲዩብ ላይ አለ። ልብስ ስትተኩሺ፣ ሽንኩርት ስትከትፊ ጆሮሽ ላይ አድርጊው። አንዳንዱን ገጽ ካነበብኩት ይልቅ እሱ ሲያወራው ነው የገባኝ። ለልጅሽ ደግሞ አንቺው ተረት በድምፅ ቀድተሽ ላኪላት፣ ማታ አያቷ ያሰሟታል። በቴሌግራም ስለሚዞረው ፒዲኤፍ ለጠየቅሽኝ፣ ደራሲው ከዚያ ሳንቲም አያገኝም። ሰበካዬን እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ጥያቄ፦ የፖለቲከኛ ጀብዱ ሰልችቶኛል። ሴት የጻፈችው ግለ ታሪክ አለ?

መልስ፦ የሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ»። በ2012 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በእንግሊዝኛ የወጣ ነው፣ አማርኛውም አለ። ወጣት ተማሪ ሆና ደርግን ይታገል የነበረው ፓርቲ፣ ኢሕአፓ ውስጥ ገብታ፣ አፍቅራ፣ የምትወደውን አጥታ፣ ታስራ ያለፈችውን ነው የምትነግርሽ። ፖለቲካ አለበት፣ እንዴት አይኖርበትም! ግን የምትጽፈው እንደ ጀግና አይደለም። መጽሐፉን ለእናቴ ሰጠኋት። ስለዚያ ዘመን ትንፍሽ ብላ የማታውቅ ሴት ናት። ግማሹ ላይ መነጽሯን አውልቃ፣ የወንድሟን መጻሕፍት ሌሊት ምድጃ ውስጥ እንዴት እንዳቃጠለች ማውራት ጀመረች፤ አንዱ ወፍራም ስለነበር አልቃጠል ብሎ እየገነጠለች ነበር አሉ የምትማግደው። እንግሊዝኛ ካላስቸገረሽ የለምን ሲሳይን የ2019 ማስታወሻም ጨምሪበት። እናቱ ኢትዮጵያዊት ናት፣ እሱ ያደገው እንግሊዝ አገር በአሳዳጊዎች ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ነው። ስለ እሱ የተጻፉትን የመንግሥት ፋይሎች እንዳሉ መጽሐፉ ውስጥ ከትቷቸዋል። ከመሐረብ ጋር አንብቢው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ልጆቼ አማርኛ ይሰማሉ፣ ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሱልኝ። ምን ላንብብላቸው?

መልስ፦ ማሞ ቂሎን! ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሠሩ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ቢያጡ፣ ተረቱን ራሳቸው በሁለቱም ቋንቋ አዘጋጅተው አሳተሙት። ማሞ እናቱ ለትናንቱ የመከረችውን ለዛሬው እያዋለ የሚያበላሽ ልጅ ነው፤ ታዲያ ልጆች ቀድመው ስለሚያውቁበት «ኧረ ማሞ!» እያሉ ይጮኻሉ። ካነበብሽ «ተረት ተረት» በያቸውና «የመሠረት» እስኪሉሽ ድረስ አትጀምሪ። አነጋገራቸውን ግን አታርሚ፣ ያን ጊዜ ነገሩ ትምህርት ቤት ይሆንባቸዋል።

ጥያቄ፦ የበዓሉ ግርማን ልብ ወለድ «ኦሮማይ»ን ለጎረቤቴ አውሼ ዓመት ሞላው። እንዴት ልጠይቃት?

መልስ፦ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ እንኳ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል፣ ያንቺም እየዞረ ይሆናል። «እህቴ ልታነበው ፈልጋ ነው» በያት። ሁለት ሳምንት ጠብቂና ካልመጣ ሌላ ግዢ፤ ለሚቀጥለው ስታውሺ መጽሐፉን ከሚዋሰው ሰው ጋር በስልክሽ ፎቶ አንሺ።