የአሳማ ግልገሎችን የሚፈጀው ቫይረስ ከሰውነት ዘብ እንዴት ያመልጣል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ በአዮዋ ግዛት ሲሆን የምሠራውም አሳማዎች በሚወልዱበት የእርባታ ክፍል ነው። ባለፈው የብርድ ወራት ተቅማጥ ገብቶ ሳምንት ያልሞላቸው ግልገሎች በጥቂት ቀናት ሲያልቁ እናቶቻቸው ግን አገገሙ። የእንስሳት ሐኪሙ በሽታው ከኮሮና ቫይረስ ወገን መሆኑንና የሰውነትን መከላከያ እንደሚያታልል ነገረን። ቫይረስ እንዴት ያታልላል? የታመሙትን ግልገሎች አንጀት ፈጭተው ላረገዙት አሳማዎች ያበሏቸውስ ለምንድን ነው? እኛንስ ይይዘናል?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ የገለጹት ሁኔታ «የአሳማ ወረርሽኝ ተቅማጥ» ከሚባለው ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ተቅማጥ የሚያመጡ ሌሎች የአሳማ ኮሮና ቫይረሶች ስላሉ ቁርጡን የሚናገረው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። በሽታው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በእንግሊዝ ታየ፤ ቫይረሱ በ1978 በቤልጂየም ተለየ። አሜሪካ የገባው በ2013 ሲሆን በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጉ ግልገሎችን እንደፈጀ ይገመታል።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ሌባ የገባበት ቤት «ኡኡ» ብሎ ጎረቤት እንደሚቀሰቅስ ሁሉ፣ ቫይረስ የገባበት ሕዋስም ኢንተርፌሮን የተባለውን ፕሮቲን ወደ ውጭ በመልቀቅ አጠገቡ ያሉት ሕዋሳት በራቸውን እንዲዘጉ ያስጠነቅቃል። ይህ ከክትባትም ሆነ ከቀድሞ ሕመም የማይገኝ፣ አብሮ የሚወለድ መከላከያ ነው፤ በአንጀት ግድግዳ ላይ ደግሞ ከሁሉ የላቀ ሚና ያለው ላምዳ የሚባለው የኢንተርፌሮን ዓይነት ነው። ኡኡታው የሚጀምረው ሪግ-አይን የመሳሰሉ ጠባቂ ፕሮቲኖች ቫይረሱ ሲባዛ የሚፈጠረውን ድርብ አር ኤን ኤ (ባለ ሁለት ክር የቫይረሱን የዘር መልእክት) ሲያገኙ ነው፤ ከዚያም መልእክቱ ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን እየተላለፈ የሕዋሱ አስኳል ይደርሳል።

ቫይረሱ ይህን መንገድ በየቦታው ይቆርጠዋል። የሚባዛው ከሕዋሱ ሽፋን በሠራቸው ባለ ሁለት ግድግዳ ከረጢቶች ተከልሎ ነው፤ አንደኛው ኢንዛይሙ ኔሞ የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲን ይቆርጣል፤ ሌላው ፕሮቲኑ አስኳል ውስጥ ገብቶ የኢንተርፌሮን ዘረመል ሥራ እንዲጀምር የሚያግዘውን ሲቢፒ የተባለ ፕሮቲን ያስወግዳል። በእኔ ግምት ግን እንዲህ ያሉትን ግኝቶች በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል፤ ብዙዎቹ የተገኙት አንድን የቫይረስ ፕሮቲን ብቻውን በብዛት በላቦራቶሪ ሕዋሳት ውስጥ በማስገባት ነውና። በሕያው ግልገል ላይ ጭምር የተፈተነው ኤን ኤስ ፒ 15 የተባለው ኢንዛይም ነው። ሥራው ጠባቂዎቹን ሊቀሰቅስ የሚችለውን የቫይረሱን የራሱን አር ኤን ኤ መከርከም ነው፤ ሌባ በገባበት ዱካውን እየጠረገ እንደሚሄደው ማለት ነው። ተመራማሪዎች ይህ ኢንዛይም ብቻ እንዳይሠራ የተደረገ ቫይረስ ሠርተው ሲሞክሩ ሕዋሳቱ ኢንተርፌሮን ፈጥነው ለቀቁ፤ በዚህ ቫይረስ የተያዙ ግልገሎችም በዓይነ ምድራቸው ያስወጡት ቫይረስ ያነሰ ሲሆን የሞቱትም ጥቂት ነበሩ። ቫይረሱ ኡኡታውን ጨርሶ አያጠፋውም ማለት ነው፤ ያዘገየዋል እንጂ።

ግልገሉን የሚገድለውም ይህች መዘግየት ናት፤ በዚህ መካከል ቫይረሱ የአንጀቱን ሽፋን ይጎዳልና። የሦስት ሳምንት አሳማ የተጎዳ የአንጀት ሽፋኑን በ2 ወይም በ3 ቀን ሲተካ አዲስ የተወለደው ከ5 እስከ 7 ቀን ይፈጅበታል፤ እስከዚያው የጠጣው ወተት ሳይፈጭ ይወጣና ፈሳሽ አልቆበት ይሞታል። በዚያ ላይ የአሳማ የእንግዴ ልጅ ፀረ እንግዳ አካላትን ወደ ጽንሱ ስለማያሳልፍ ግልገሉ ባዶ እጁን ይወለዳል፤ ያለው ተስፋ እንገርና ወተት ነው። ያረገዙትን አሳማዎች የታመመ አንጀት ያበሏቸውም ስለዚህ ነው፦ እናቲቱ ቀድማ በቀላሉ ታማ ፀረ እንግዳ አካላቱን በወተቷ እንድታወርስ። የእናቲቱ ወተት ያለማቋረጥ እስከተጠባ ድረስ የግልገሉን አንጀት ይሸፍናል። ዘዴው ሌሎች በሽታዎችንም አብሮ ሊያዛምት ስለሚችል ያለ ሐኪም ክትትል ባይሞከር ይሻላል።

የአሳማ ወረርሽኝ ተቅማጥ ቫይረስ ሰውን እንደሚይዝ አይታወቅም። ዴልታ የተባለው ሌላው የአሳማ ኮሮና ቫይረስ ግን በ2014 እና በ2015 ከሄይቲ ሦስት ሕፃናት በተወሰደ ናሙና ውስጥ በመገኘቱ እጅዎን በሳሙና መታጠብዎን አይተዉ። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው እርስዎ ለአሳማዎቹ የሚያደርሱት ነው፤ ቫይረሱ በቅዝቃዜ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ በቦት ጫማዎ ሶል ስንጥቅ ውስጥ የቀረች ጥቂት እበት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ትወስደዋለች። ጫማውን መጀመሪያ በብሩሽ ፈግፍገው ይጠቡት፤ ተሕዋሲ በሚገድለው መድኃኒት ውስጥ የሚነክሩት ከዚያ በኋላ ነው፣ በቆሸሸ ጫማ ላይ መድኃኒቱ አይሠራምና።