ሲጋል ወይስ ዶልፊን፣ ለደብረ ብርሃን

ወንድሜ፣ ስለ ሁለቱ የቢዋይዲ (BYD) የኤሌክትሪክ መኪኖች «ለከተማ ውስጥ ሲጋል ይበቃኛል ወይስ ዶልፊን ልግዛ?» ላልከው፣ ከቤት ወደ ሥራ ለመመላለስ ሲጋል ይበቃሃል። ወንበሩ ግን 4 ብቻ ነው፤ ልጆች ካሉህ ዶልፊን ይሻላል። ስትሞክር ሻጩ በመረጠልህ አስፋልት ብቻ ነድተህ አትመለስ። ሰው ጭነህ ኮብልስቶን ላይ አስገባውና የመኪናው ሆድ መሬት ይነካ እንደሆነ አዳምጥ። በጠዋት ብርድ ማሞቂያውን ክፈትና በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚበላ ስክሪኑ ላይ እይ። ለባለ ትልቁ ባትሪ ሲጋል የሚጠሩልህ 405 ኪሎ ሜትር የቻይና ፈተና ቁጥር ነው፤ የእኛን ውርጭ አያውቅም።

ደብረ ሲና የምትወርድ ከሆነ ደግሞ ባትሪውን ጢም አድርገህ ሞልተህ አትነሳ። ጣርማበር ቁልቁለት ላይ ሞተሩ እየያዘ የሚመልሰው ኃይል መግቢያ ያጣና ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። የቤት ቻርጀሩን ሳትረከብ ግን ቀሪውን ብር እንዳትከፍል።