«የእቁብ ብሬን ለፓይፕ ኢንስፔክተር ሰርተፍኬት ላውጣው?» ላልሽው እህታችን

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመካኒካል ምህንድስና ከተመረቅሽ ዓመት ሆኖሻል፣ አዳማ ነሽ፣ እቁብሽ ወጥቶልሻል። አንድ አገናኝ ደግሞ «በሦስት ሳምንት ኤፒአይ 570 አስጨርሼሽ የፓይፕ ኢንስፔክተር ሆነሽ ዓረብ አገር ትገቢያለሽ» ብሎሻል። ሴት መሆንሽ ሳይት ላይ ያስቸግር እንደሆነም ጠይቀሻል። እኔ አሥራ አንድ ዓመት በኪውሲ (በጥራት ቁጥጥር) ሠርቻለሁ፤ ስኳርና ቢራ ፋብሪካ ግንባታ ላይ። መልሴ አሁን አትክፈይ ነው።

ኤፒአይ 570፣ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም የፓይፕ ምርመራ ሰርተፍኬት፣ የሚናቅ ነገር አይደለም። ግን የሚመለከተው ሥራ ላይ ያለ ፓይፕን ነው። ዓመታት ያገለገለ መስመር ግድግዳው ምን ያህል ሳሳ፣ በዚሁ ከቀጠለ ስንት ዓመት ይቀረዋል፣ ጥገናው እንዴት ይሁን፣ እሱን ነው። አንቺ የምትገቢበት በር አዲስ ግንባታ ነው። እዚያ ለፕሮሰስ ፓይፕ (በፋብሪካው ውስጥ ፈሳሽና ጋዝ ለሚያመላልስ) የኤኤስኤምኢን፣ የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበርን፣ የፓይፕ ደንብ ቢ 31.3ን፣ ከቦይለር ለሚወጣ እንፋሎት ደግሞ ብዙ ጊዜ ቢ 31.1ን ነው የምትከፍቺው። ለኤፒአይ 570 ፈተና ለመቀመጥም ከዲግሪሽ ጋር የሥራ ልምድ ይጠየቃል። ስለዚህ ሰውየው በሦስት ሳምንት ሊሰጥሽ የሚችለው ኮርስ ተካፍላለች የሚል ወረቀት ብቻ ነው።

«ኢንስፔክተር» የሚለው ቃል ራሱ ያምታታል። በቢ 31.3 አነጋገር ኢንስፔክተር የፋብሪካው ባለቤት ወኪል ነው። ለዚህ ብቁ የሚሆንበት አንዱ መንገድ በፓይፕ ዲዛይን፣ ሥራ ወይም ምርመራ የ10 ዓመት ልምድ ነው፤ የምህንድስና ዲግሪ እስከ 5 ዓመት ድረስ ይታሰብለታል። በተቋራጩ በኩል ሆኖ ጆይንት በጆይንት (መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ) የሚመረምረው ሌላ ሰው ነው፤ እኛ ኪውሲ የምንለው እሱን ነው። አንቺም የምትጀምሪው ከዚያ ነው።

ከየት ልጀምር ካልሽ፣ ከበያጅ ጎን። አዳማ የጅቡቲ መንገድ ከተማ ናት፣ ቦቴና ተሳቢ የሚጠግን ወርክሾፕ አይጠፋም። ሁለት ሦስት ወር ያለ ደመወዝም ቢሆን ግቢና ቁሚ። ብትችዪ ራስሽም በይጂ፤ ጥሩ በያጅ ለመሆን አይደለም፣ እጅ የት ላይ እንደሚሳሳት ለማወቅ ነው። ፓይፑ ከመገጠሙ በፊት ጫፉ እንዴት እንደተሞረደ፣ በሁለቱ መካከል የተተወው ክፍተት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ የአንዱ ከንፈር ከሌላው ከፍ ዝቅ ማለቱን ተመልከቺ። ኤሌክትሮዱ የት እንዳደረም ጠይቂ። 7018 የሚባለው ኤሌክትሮድ ክፍት ካርቶን ውስጥ ካደረ እርጥበት ይስባል። ከእርጥበቱ የሚመጣው ሃይድሮጅን ብረቱ ውስጥ ይገባና ብየዳው ከበረደ ከብዙ ሰዓት በኋላ ሊሰነጥቀው ይችላል። በያጁ ሲጨርስ ያየሽው ግን ያማረ ብየዳ ነው። ብየዳ ካለቀ በኋላ ብቻ የሚመጣ ኪውሲ ግማሹን ነገር አምልጦታል።

ይህን አጥብቄ የምነግርሽ በእኔ ስለደረሰ ነው። ሦስተኛ ዓመቴ ላይ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ፕሮጀክት፣ ሥራው ተጣድፎ ነበር። አንድ ማታ የአሥራ አራት ጆይንት የመግጠሚያ ምርመራ ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ወርጄ ሳላይ «ክፍተት 3 ሚሊ ሜትር፣ ደህና» ብዬ ፈረምኩ። በቢ 31.3 በተለመደው አገልግሎት ፓይፕን ከፓይፕ ዙሪያውን ከሚያያይዙ ብየዳዎች ቢያንስ 5 በመቶው በጨረር ወይም በአልትራሳውንድ ይታያል። አንዱ ከወደቀ የዚያው በያጅ ሌሎች ሁለት ይጨመራሉ። አንዱ ወደቀ። የተጨመሩት ሁለቱም ወደቁ። የጨረሩ ፊልም ላይ በብየዳው መሐል ለመሐል ቀጥ ያለች ጥቁር መስመር ነበረች፤ ሥሩ አልቀለጠም ማለት ነው።

በያጁን አሰናበቱት። ብየዳ ማየት ያስተማረኝ ትልቅ ሰው ነበር። ጥፋቱ የእጁ አልነበረም። ፓይፖቹ ሲገጠሙ ክፍተት ሳይተውላቸው ተጠጋግተው ተይዘዋል። እሱ በሌሊት ፈረቃ ገብቶ «ይሄ እንዴት ነው?» ብሎ ጠይቋል፤ ኪውሲ ፈርሞበታል ሲሉት በየደ። እውነቱን ለሥራ አስኪያጁ የነገርኩት ከተሰናበተ ከአምስት ቀን በኋላ ነው። አልመለሱትም። ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ እሱም ይቅር ብሎኛል፤ ያ ፊርማ ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ያላየሁት ጆይንት ላይ እጄ አይሄድም፤ ሁለት ጊዜ ሥራ አጥቼበታለሁ። አንቺንም በመጀመሪያው ወርሽ «ፈርሚና ነገ ታዪዋለሽ» የሚልሽ ሰው ይመጣል። ከአሁኑ አስቢበት።

ወደ ሰርተፍኬቱ ልመለስ። ገንዘብ ማውጣትሽ ካልቀረ በዓይን ምርመራና በፔኔትራንት (ቀለም ረጭቶ ላይ ላዩን ያለ ስንጥቅ በማሳየት) ጀምሪ። በኤስኤንቲ-ቲሲ-1ኤ፣ በአሜሪካኖቹ የመርማሪዎች ማሠልጠኛ መመሪያ፣ መሠረት ፔኔትራንት ለደረጃ አንድ 4 ሰዓት፣ ለደረጃ ሁለት 8 ሰዓት ሥልጠና ነው የሚጠይቀው፣ የሥራ ላይ ልምዱ ሳይቆጠር። አልትራሳውንድ ግን ለሁለቱም ደረጃ 40፣ 40 ሰዓት ነው። አሠልጣኞች የማይነግሩሽ አንድ ነገር አለ፤ በዚህ ሥርዓት ሰርተፍኬት የሚሰጠው አሠሪሽ ነው። ኩባንያውን ስትለቂ አብሮ ይቀራል፣ አዲሱ አሠሪሽ እንደገና ማረጋገጥ አለበት። በዓለም አቀፉ ደረጃ በአይኤስኦ 9712 የሚሰጠው ግን ከገለልተኛ አካል ስለሆነ ይዘሽው ትሄጃለሽ። ከመክፈልሽ በፊት የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂ። ሲደብሊውአይን፣ የአሜሪካ ብየዳ ማኅበር የብየዳ ኢንስፔክተር ሰርተፍኬትን፣ ለኋላ አቆዪው። ሦስት ክፍል ፈተና አለው፣ በእያንዳንዱ 72 በመቶ ማምጣት ግድ ነው፣ የልምድ ማስረጃም ይፈልጋል።

መጽሐፍ ላይ ያለው እኛ አገር ሲመጣ የሚጠይቀው ጥንቃቄም አለ። የፔኔትራንት መደበኛ ሙቀት ከ5 እስከ 52 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። አዳማ ላይ በበጋ ቀትር ፀሐይ የዋለ ፓይፕ በባዶ እጅ አይያዝም፤ ሳትለኪ አትርጪበት፣ ጠዋት በጊዜ ጨርሺው። የውኃ ግፊት ፍተሻም እንዲሁ። የስምጥ ሸለቆ ውኃ በፍሎራይዱ ይታወቃል፣ የወንጂን አካባቢ ሰው ጥርስ ያየ ያውቀዋል። ለስቴንለስ ፓይፕ የሚያሰጋው ግን ክሎራይድ ነው። ስለዚህ የጉድጓድ ውኃ ከመሙላትሽ በፊት ላቦራቶሪ ላኪው፤ ሲያልቅም አድርቂው። በፍተሻው ጊዜ ግፊቱ በመሠረቱ የዲዛይን ግፊቱ 1.5 እጥፍ ነው፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ጆይንት በዓይን ይታያል። ከላይ ያለውን ማስተንፈሻ ከፍተሽ አየሩ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን ሳታረጋግጪ ፓምፑን አታስነሺ። የታመቀ አየር ሲፈነዳ ሰው ይገድላል።

ሴት መሆንሽን በተመለከተ፣ አብረውኝ ከሠሩት ኪውሲዎች ፊልም በማንበብ የምትበልጠኝ ሴት ነበረች። መጀመሪያ ላይ ቃልሽን የማይሰሙ ፎርማኖች ይኖራሉ። መለኪያሽን አውጥተሽ ቁጥሩን አሳዪያቸው፣ አትጨቃጨቂ።

ከእቁቡ ብር ላይ ለአሁን የብየዳ መለኪያ ጌጅ፣ ጥሩ ባትሪ፣ ትንሽ መስታወትና የደኅንነት ጫማ ግዢ። ዓይንሽንም ተመርመሪ፤ ለሥራው ከ30 ሴንቲ ሜትር ላይ ጄ2 የሚባለውን የዓይን መፈተኛ ትንሽ ፊደል ማንበብ ይጠበቅብሻል። ወርክሾፕ ስትገቢ ናይለን ያለበት ልብስ አትልበሺ፣ ጥጥ ይሁን። ፀጉርሽን ጠቅልዪው። የሚበየደውን ያለ በያጅ ማስክ (ተራ የፀሐይ መነጽር አይበቃም) አትዪ፣ ለአንድ አፍታም ቢሆን።