አበባዋን ጨርሳ የጠወለገችው ቤጎንያ ሞታለች ወይስ ተኝታለች?

ጥያቄ፦ ክብ ቅጠል ያላት፣ ሮዝ አበባ የምታወጣ ቤጎንያ ከአንድ አበባ አልሚ ተቀብዬ ነበር። «የሶኮትራ የዱር ቤጎንያ ናት» ብሎኛል። አበባዋን እንደጨረሰች ቅጠሎቿ ቢጫ ሆኑ። ውሃ ያነሳት መስሎኝ በየቀኑ አጠጣኋት፤ ግንዷ ከሥሩ ወደቀ፣ አፈሩም መሽተት ጀመረ። ሞታለች ማለት ነው? በእርግጥስ የዱር ናት ወይስ ድቅል? ከሌሎች ቤጎንያዎች ጋር ላዳቅላት ስለማስብ ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ፖቱን እንዳይደፉት። ውሃውን ዛሬውኑ ያቁሙና ግንዱ የነበረበትን ቦታ በጣትዎ ቀስ ብለው ገለጥ ያድርጉ። የሶኮትራ ቤጎንያ ከሆነች እዚያ ጋ ጥቃቅን ኮረቶች ተጠጋግተው ያገኛሉ። የነጭ ሽንኩርት ፍልቃቂ ይመስላሉ፣ ግን በጣም ያነሱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ወፍራም ቅርፊቶች የተደራረቡበት የተኛ እንቡጥ ነው። በሁለት ጣት ጫን ሲሉት ጠንከር ካለ ሕያው ነው። ከፈረጠና ውሃ ካወጣ ግን በስብሷል።

ጠንካራዎቹን ለይተው አፈሩን ያራግፉላቸው፤ የበሰበሰ የነካቸው ካሉ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቋቸው። ጥላ ባለበት፣ አየር በሚገባበት ቦታ ወረቀት ላይ ሁለት ቀን ያድርቋቸውና ደረቅ አሸዋ ውስጥ ይቅበሯቸው። የድሮውን አፈር ይጣሉት፤ ፖቱንም ሳያጥቡ ደግመው አይጠቀሙበት።

የተፈጠረው ነገር ይህ ነው፦ ቅጠሉ ቢጫ የሆነው ተክሏ ልትተኛ ስለነበር ነው። ሥሯ ውሃ መሳብ ባቆመበት ሰዓት ውሃው ሲበዛባት መበስበስ መጣ። ሁለቱን መለየት ከባድ አይደለም። እንቅልፍ ከታችኛው ቅጠል ይጀምራል፣ ቅጠሉ እኩል ቢጫ ሆኖ ይደርቃል፣ ግንዱም በመጨረሻ ራሱ ይላቀቃል። ብስባሴ ሲሆን ግን የግንዱ ሥር ጠቁሮ ይረጥባል፣ ይሸታል፣ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ ተክሉ ይወድቃል። ቅጠሉ ላይ ውሃ የቋጠሩ የሚመስሉ፣ ዙሪያቸው ቢጫ የሆነ ነጠብጣቦች ካዩ ደግሞ የባክቴሪያ በሽታ ስለሚሆን ያንን ተክል ከነአፈሩ ያስወግዱት።

ወደ ምደባው እንምጣ፤ አያያዟ ግልጽ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ቤጎንያ ከ2,000 በላይ ዝርያ ያለው ወገን ነው። በአስተኔው (ተዛማጅ ወገኖችን በሚያቅፈው ቡድን) ውስጥ ያሉት ወገኖች ሁለት ብቻ ናቸው፦ ቤጎንያ ራሱና ሂልብራንድያ፤ የኋለኛው በሃዋይ ደሴቶች የሚበቅል አንድ ዝርያ ብቻ አለው። አስተኔው ከእሱ ከፍ ባለው የምደባ ደረጃ፣ በክፍለመደብ፣ ከዱባና ከኪያር ጋር ይመደባል። ይህን ማወቅ እርሻ ላይም ይጠቅማል፦ የዱባን ሴቴ አበባ ከኋላዋ ባለችው ትንሽ ዱባ እንደሚለዩት ሁሉ፣ የቤጎንያም ሴቴ አበባ ከሥሯ ጠርዝና ክንፍ ያለው የዘር ቋት ትይዛለች፤ ወንዴው ይህ የለውም። ሁለቱም የሚገኙት በአንድ ተክል ላይ ነው።

የእርስዎ ቤጎንያ ሳይንሳዊ ስሟ ቤጎንያ ሶኮትራና ነው። ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አይዛክ ቤይሊ ባልፎር እ.ኤ.አ. በ1880 ከሶኮትራ ደሴት አመጣት፤ እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጆሴፍ ሁከር ደግሞ በ1881 ገልጾ ስም ሰጣት። በተፈጥሮ የምትገኘው በዚያች የየመን ደሴት ብቻ ነው፤ መኖሪያዋም ጥላ ያለበት የቋጥኝ ስንጥቅ ነው። በወገኑ ውስጥ ያለችበት ንዑስ ክፍል ፔልታውጉስትያ ይባላል። አባላቱ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለተኛዋ በአጎራባቿ የሳምሃ ደሴት የምትበቅለው ቤጎንያ ሳምሃኤንሲስ ናት።

አልሚዎች ግን በዝምድና ሳይሆን በሥር ይመድባሉ፦ ጭራማ ሥር ያላቸው፣ በአፈር ላይ የሚሳብ ወፍራም ግንድ ያላቸው፣ ኮረታም። ለሥራ የሚያመች አከፋፈል ነው፤ የሶኮትራን ቤጎንያ ላይ ሲደርስ ግን ያሳስታል። «ኮረታም» ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ከአንዲስ ተራሮች ዝርያዎች የተዳቀሉትን፣ ትልልቅ አበባ የሚያወጡትን ነው። እነዚያ ቀኑ ሲረዝም ያድጋሉ፣ ሲያጥር ይተኛሉ። የሶኮትራዋ የተገላቢጦሽ ናት፤ ቀኑ ሲያጥር ታድጋለች፣ ታብባለች፣ ኮረት ትሠራለች፤ ሙቀቱ ሲበረታና ቀኑ ሲረዝም ትተኛለች። በእነዚያ የጊዜ ሰሌዳ የያዛት ሰው በእንቅልፏ ያጠጣታል፣ በመንቂያዋ ያስጠማታል።

የዱር ናት ወይስ ድቅል ለሚለው በመጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጠው ይዩ። በዱር ዝርያዋ እጀታው የሚገጥመው ከቅጠሉ መሀል ነው፤ ጠርዙ ሳይቋረጥ ዙሪያውን ስለሚሄድ ቅጠሉ እጀታ የተገጠመለት ጋሻ ይመስላል። ከእሷ የተገኙት ድቅሎች አብዛኛውን ጊዜ እጀታው ጋ የተሰነጠቀ፣ የልብ ቅርጽ ያለው ቅጠል አላቸው። ይሁንና ቅጠል ብቻውን አይበቃም። የመካከለኛው አሜሪካዋ ቤጎንያ ኔሉምቢፎልያም የጋሻ ቅጠል አላት፤ የእሷ ግን በጣም ትልቅ ነው፣ ከሥሯም ኮረት ሳይሆን የሚሳብ ወፍራም ግንድ ነው ያለው። የጋሻ ቅጠልና የኮረት ዘለላ አንድ ላይ ከተገኙ ግን የሰጠዎት ሰው እውነቱን ነው ለማለት በቂ ምክንያት አለዎት።

የመጨረሻው ፈተና ዘር ነው። በሚቀጥለው አበባ፣ ጠዋት ላይ የወንዴውን ብናኝ በለስላሳ ብሩሽ ወስደው የሴቴውን ቢጫ የተጠማዘዘ ጫፍ ይንኩበት። (ይህ ጫፍ የወንዴውን ክፍል በጣም ስለሚመስል ንቦች እንኳ ብናኝ ፍለጋ ተታለው ይመጡበታል፤ ስለዚህ ከአበባው ጀርባ የዘር ቋት መኖሩን አይተው ያረጋግጡ።) ነፍሳት እንዳይደርሱበት በስስ ጨርቅ ይሸፍኑት፣ ቀኑንም ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈው ይሰሩበት። ፍሬው ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ዘሩን ይሰብስቡ። እንደ አቧራ የደቀቀ ስለሆነ ከደረቅ ድቃቂ አሸዋ ጋር ቀላቅለው እርጥብ አፈር ላይ ይነስንሱት። አያልብሱት፤ ብርሃን ይፈልጋል። ውሃውን ከታች በሳህን ይስጡ። ከ20 እስከ 22 ዲግሪ ሴልሲየስ ባለ ሙቀት በ2 ወይም 3 ሳምንት ይበቅላል። ችግኞቹ ሁሉ እናታቸውን ከመሰሉ የዱር ናት፤ ቅጠላቸውና ቀለማቸው ከተዘበራረቀ ደም ተቀላቅሏል።

ያዳኑትን ኮረት ደረቅ፣ ጥላና ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሙቀት ባለው ቦታ ያቆዩት። አሸዋው ፍጹም ደርቆ ኮረቱ መጨማደድ ከጀመረ በ3 ወይም 4 ሳምንት አንዴ ጥቂት ውሃ ይርጩበት። ቀኑ ማጠር ሲጀምር፣ ወይም ጫፉ አረንጓዴ ሲያሳይ የመትከያው ጊዜ ደርሷል። ሁለት እጅ የበሰበሰ ቅጠል፣ አንድ እጅ የተነፋ አፈርና አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ይቀላቅሉ። ከታች የተበሳ የ12 ሴንቲ ሜትር ፖት ከ3 እስከ 5 ኮረት ይይዛል፤ ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርገው 1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ይትከሉ። አንዴ ካጠጡ በኋላ የላይኛው አፈር እስኪደርቅ ይጠብቁ። ብርሃን ይኑራት፣ የቀትር ፀሐይ ግን አያግኛት። 3 ወይም 4 ቅጠል ስታወጣ መለያው ላይ ከተጻፈው ማዳበሪያ ግማሹን ብቻ በየ2 ሳምንቱ ይስጧት። ናይትሮጂን ሲበዛ ቅጠሏ ይገዝፋል፣ ግንዷ ውሃማ ይሆናል፤ ብስባሴም የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ ግንድ ነው።

አበባው አልቆ የመጀመሪያው ቢጫ ቅጠል ሲታይ ማዳበሪያውን ያቁሙ፤ ውሃውን በ3 ወይም 4 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ቀንሰው ያድርቁት። ግንዱን አይንቀሉት፤ ኮረቶቹ ከሥሩ ስለተጣበቁ አብረው ይቆስላሉ።

ስለ ማዳቀሉ፦ ፈረንሳዊው ቪክቶር ለምዋን እ.ኤ.አ. በ1891 ይህችን ዝርያ ከደቡብ አፍሪካዋ ቤጎንያ ድረጌይ ጋር አዳቅሎ ግሏር ደ ሎሬን የተባለችውን አበባ አገኘ። አበባዋ የበዛ ድቅል ነበረች፤ ግን መካን ናት፣ ዘር አትሰጥም። የእርስዎም የመጀመሪያ ድቅል እንዲሁ ሊሆን ስለሚችል ከዳኑት ኮረቶች ቢያንስ ሁለት ፖት ለብቻ ይለዩና ሌላ ቤጎንያ ከማይገባበት ጥግ ያስቀምጧቸው፤ ስሟንም በማይለቅ ቀለም ይጻፉባቸው።