መልስ፦ «አማካይ»፣ «መቶኛ» እና «ባለድርሻ አካል» በስላቅ ሲፈቱ

ወንድሜ፣ ድሬዳዋ ለሚዘጋጀው የተማሪዎች ጋዜጣ እነዚህን ሦስት ቃላት በስላቅ እንዴት እንደሚፈቱ ጠይቀዋል። ስላቅ የሚጥመው የቃሉ እውነተኛ ትርጉም ሳይፈርስ በጥቂቱ ሲጣመም ስለሆነ ከሒሳቡ ልጀምር።

አማካይ ማለት ድሬዳዋ ላይ በሙቀት የሚያልበውንና ሐረር ላይ ጋቢ የደረበውን ሰው ደምሮ ለሁለት በማካፈል፣ ሁለቱም በከተሞቹ መካከል ባለው ደንገጎ ዳገት ላይ ተመችቷቸው እንደሚኖሩ የሚያረጋግጥ ስሌት ነው፤ ቀመሩ እንከን የለውም፣ የቀረው ሰዎቹን መጠየቅ ብቻ ነው። መቶኛ በሪፖርት ውስጥ በየዓመቱ ወደ 100 እየተጠጋ ፈጽሞ የማይደርስ ቁጥር ሲሆን፣ የሒሳብ መምህራን እንዲህ እየተጠጉት የሚሄዱትን ቁጥር ሊሚት ይሉታል (ሊሚት ግን ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም)። ባለድርሻ አካል ደግሞ ድርሻው ሳይነገረው ተጠርቶ፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላ በአቋም መግለጫው ላይ «በሙሉ ድምፅ» ተስማምቶ ራሱን የሚያገኝ ሰው ነው።

ሳይጠይቁኝ ከዕለት ኑሮ አንድ ልጨምር፦ «ደርሻለሁ» ማለት፣ ከዚራ በተባለው የድሬዳዋ ሰፈር በዛፍ ጥላ ሥር የሚጠብቅዎ ሰው ሲደውል፣ ቤትዎ ጫማዎን እየፈለጉ የሚሰጡት መልስ ነው። «ዴሞክራሲ»ን ግን ባይነኩት ይሻላል፤ ብዙዎች ቀልደውበት ቀልዱ አልቋል።