መብራት ሲጠፋ ሎው ካርብ የሚበላ ሰው ምን ይበላል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። እኔና ባለቤቴ ሎው ካርብ፣ ማለትም ካርቦሃይድሬት የቀነሰ ምግብ ነው የምንበላው፤ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ ከተውን ቆየን። አሁን ከባድ ማዕበል ሊመጣ ነው፣ መብራትም ለቀናት ሊጠፋ ይችላል እየተባለ ነው። ለክፉ ቀን ያዙ የሚባለው ምግብ ሁሉ ግን ብስኩት፣ ፓስታ፣ ሩዝና ባቄላ ነው። እኛ የምንበላው በሙሉ ፍሪጅ ውስጥ ነው ያለው። ምን እንግዛ?

መልስ፦ ችግሩን ራስሽ ነገርሽን። ሎው ካርብ የሚበላ ቤት ፍሪጁ ሙሉ፣ ጓዳው ባዶ ነው፤ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የሚከዳው ደግሞ ፍሪጁ ነው። ስለዚህ ያንኑ የለመዳችሁትን ምግብ፣ ያለ ቅዝቃዜ የሚቆየውን ዓይነት እየፈለጋችሁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ።

ከዓሣ ጀምሩ። የታሸገ ቱናና ሰርዲን ካርቦሃይድሬታቸው ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። በውሃ ከታሸገው ይልቅ በዘይት የታሸገውን ውሰዱ፣ ዘይቱንም አትድፉት፤ ዳቦና ሩዝ ለተወ ሰው ዋናው ጉልበት የሚመጣው ከስብ ነው። በስጎ የታሸገው ስኳር ሊኖረው ስለሚችል ጀርባውን አንብቡ። የታሸገ ዶሮና የበሬ ሥጋም ጥሩ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ግን ስታርች ይጨመራል። ትንንሹን ቆርቆሮ ግዙ፣ ምክንያቱም አንዴ ከተከፈተ በኋላ የሚያቆየው ፍሪጅ የለም፣ የተረፈውን መጣል ነው። ደግሞ በእጅ የሚሠራ የቆርቆሮ መክፈቻ! ይሄ የሚረሳ አይመስልም፣ ግን ይረሳል።

ከአትክልት የታሸገ ፎሶሊያ፣ እንጉዳይ፣ ስፒናችና የወይራ ፍሬ ይሆናችኋል። እነዚህ ሳይሞቁም ይበላሉ። አቮካዶ ገና ጠንካራ እያለ ከገዛችሁት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበስልላችኋል።

ለውዝ ነክ ነገር ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ፣ ሁሉም አንድ አይደለም። 100 ግራም አልመንድ 22 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው፣ ከዚያ ውስጥ ግን ወደ 12 ግራም የሚሆነው ሰውነት ወደ ስኳር የማይቀይረው ፋይበር ነው። ካሹ ደግሞ 30 ግራም ያህል ይዞ ፋይበሩ 3 ግራም ብቻ ነው። ጨለማ ውስጥ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው እጁ ከካሹ ዕቃ አይወጣም፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ በትንንሽ ከረጢት ከፋፍሉት። «ኬቶ» (ካርቦሃይድሬትን በጣም የሚቀንስ አመጋገብ) ተብለው የሚሸጡትን ጣፋጮች እኔ ብዙም አልወዳቸውም። ብዙዎቹ ውስጥ ማልቲቶል የሚባል ማጣፈጫ አለ፣ እሱም የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ በዛ ሲል ደግሞ ተቅማጥ ያመጣል። ውሃ በተቋረጠበት ቤት ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ስለ ውሃ ካነሳን፣ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ገደማ ያዙ፣ ቢያንስ ለ3 ቀን። ካርቦሃይድሬት ሲቀንስ ሰውነት ያከማቸውን ውሃ ይለቃል፣ ኩላሊትም ጨው በብዛት ያስወጣል። አንዳንዱ ሰው ራስ ምታትና ድካም ሲይዘው ርሃብ ይመስለዋል፣ ያጣው ግን ውሃና ጨው ሊሆን ይችላል። ደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ከሌለባችሁ ትንሽ የሾርባ ኩብ ጣል አድርጋችሁ ብትጠጡ ይረዳል። ውሃውን ለማፍላት ብላችሁ ግን ከሰል ወይም የካምፕ ምድጃ ቤት ውስጥ እንዳታቀጣጥሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል።

ጥያቄ፦ ፍሪዘሬ በሥጋ ተሞልቷል። እንቁላልና አይብም አለኝ። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይጣላል ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ አይጣልም፣ ብቻ በሩን አትክፈተው። ያልተከፈተ ፍሪጅ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ሙሉ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሹ ባዶ የሆነ ደግሞ 24 ሰዓት ይቆያል። ክፍት ቦታ ካለ ከአሁኑ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሞልተህ አስገባ፣ በኋላ ትጠጣዋለህ። ሌላም ብልሃት አለ። አንድ ኩባያ ውሃ አቀዝቅዝና በረዶው ላይ ሳንቲም አስቀምጥ። ከቤት ርቀህ ከርመህ ስትመለስ ሳንቲሙ ታች ሰምጦ ካገኘኸው፣ መብራቱ ቢመለስም ፍሪዘሩ በመሃል ቀልጦ ነበር ማለት ነው፣ ያንን ሥጋ አትብላው።

ሥጋው ላይ ገና በረዶ ካለበት መልሰህ ማቀዝቀዝ ትችላለህ። ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ሥጋ፣ ወተት፣ ክሬምና ለስላሳ አይብ ግን ይጣላል። ቀምሼ ልየው አትበል፣ የሚያሳምመው ባክቴሪያ ጣዕምም ሽታም ላይቀይር ይችላል። ጠንካራ አይብና ቅቤ ይቆያሉ። እንቁላል ላይ ብዙ ሰው «ማዕበሉ ሳይመጣ ሁሉንም ቀቅል» ይላል። የተቀቀለ እንቁላል ያለ ፍሪጅ ከጥሬውም የባሰ ነው፣ 2 ሰዓት ካለፈው አይበላም። የዚያኑ ዕለት የምትበላውን ብቻ ቀቅል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ስኳር አለብኝ፣ ኢንሱሊን እወስዳለሁ። ሐኪሜ ካርቦሃይድሬት ቀንስ ስላለኝ ቤቴ ስኳር የሚባል የለም። ይህ ለእንዲህ ያለው ጊዜ ይበጃል?

መልስ፦ አባቴ፣ እርስዎ ስኳር መያዝ አለብዎት። ምግብ ሲያጥር ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊበንክላማይድ ያለ የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ደም ውስጥ ያለው ስኳር በድንገት ሊወርድ ይችላል። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየዎት 15 ግራም ፈጣን ስኳር ይውሰዱ፣ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ስኳር በውሃ ይበቃል። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፣ ካልወጣ ይድገሙት። ቱናና አልመንድ እዚህ ላይ አይደርሱልዎትም።

የሚጠቀሙበት ኢንሱሊን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማያልፍ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል፣ ለእርስዎ ዓይነት የተጻፈውን ማሸጊያው ላይ ይዩ። በረዶ ላይ በቀጥታ አያስቀምጡት፣ በረዶ ከሆነ አይሠራም። ኢምፓግሊፍሎዚን ወይም ዳፓግሊፍሎዚን የሚባል ክኒንም የሚወስዱ ከሆነ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ዛሬውኑ ሐኪምዎን ያነጋግሩ፤ ከምግብ እጥረት ጋር ሲደመር ኬቶአሲዶሲስ የሚባል አደገኛ ሁኔታ ሊያመጣ ይችላል፣ የደም ስኳር ብዙም ሳይጨምር።

ጥያቄ፦ ሁሉም ቢያልቅብንና ጎረቤት ሩዝ ቢሰጠንስ?

መልስ፦ ጤነኛ ከሆናችሁ አመስግናችሁ ብሉ።